የድንግዝግዙ ክልል፦ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ እንደገና ማየት

የሌሊት ተረኛ

ሰላም ለዚህ የውይይት መድረክ ሰዎች። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ሌሊት ሌሊት እቀመጣለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ በሩን የሚከፍት እንግዳ እምብዛም ስለማይኖር፣ ካለፈው ጥር ጀምሮ «ትዋይላይት ዞን» የተባለውን የድሮ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቼ በቅደም ተከተል ሳይ ቆየሁ። ስሙን ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «የድንግዝግዝ ክልል» ይሆናል። ጀምበር ጠልቃ ጨለማው ገና ያልበረታበት፣ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ዘመድ ይሁን ባዳ የማይለይበት ሰዓት ማለት ነው። ትናንት ሌሊት የመጨረሻውን፣ 156ኛውን ክፍል ጨረስኩ።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር፤ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ድራማው በሲቢኤስ ጣቢያ ኦክቶበር 2 ቀን 1959 ጀምሮ እስከ ጁን 1964 በአምስት ምዕራፍ ተላልፏል። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ተዋንያኑም፣ ቦታውም፣ ዘመኑም በየሳምንቱ ይለወጣሉ። የማይለወጠው ታሪኩን የሚያስተዋውቀው ሮድ ሰርሊንግ ብቻ ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ብዙ ጊዜም ሲጋራ በጣቱ ይዞ ይቆማል። ከ156ቱ ክፍሎች 92ቱን የጻፈውም እርሱ ነው።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ቤት በቪዲዮ ካሴት ያየኋቸው ጥቂት ክፍሎች ነበሩ። ያን ጊዜ የማረከኝ መጨረሻቸው ነው፤ ታሪኩ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ሌላ ይሆንና አፍ ያስከፍታል። አሁን መጨረሻውን እያወቅሁ ተመልሼ ሳየው ግን ያስደነቀኝ ሌላ ሆነ።

ለምሳሌ የሄንሪ ቤሚስን ታሪክ ውሰዱ፤ በ1959 የታየ ነው። ቤሚስ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው፤ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ከማንበብ በቀር የሚወደው ነገር የለም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባንኩ ካዝና ውስጥ ተሸሽጎ ሲያነብ የኒውክሌር ቦምብ ከተማውን ያወድመዋል፤ የተረፈው እርሱ ብቻ ይሆናል። የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት አግኝቶ ለየወሩ የሚያነባቸውን ደርድሮ በደስታ ሲጎነበስ መነጽሩ ይወድቅና ይሰበራል። ይህን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እኔ ረስቼው የነበረው ሚስቱን ነው። አንድ ምሽት «ግጥም አንብብልኝ» ትለዋለች። ፊቱ እንዴት እንደሚበራ! መጽሐፉን ሲገልጠው እያንዳንዱ መስመር በቀለም ተሰርዟል፤ የሰረዘችው እርሷ ናት። የቤሚስ መነጽር የተሰበረው ያኔ ነው፤ ቦምቡ ገና አልወደቀም። ሌላም የረሳሁት አለ። ቤተ መጻሕፍቱን ከማየቱ በፊት ከፍርስራሹ ውስጥ ሽጉጥ አንሥቶ ራሱን ሊያጠፋ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መጨረሻውን ካወቃችሁት በኋላ ደግማችሁ ያያችሁት፣ ከመጀመሪያውም ይልቅ በሁለተኛው የበረታባችሁ ክፍል አለ?

ጥቁርና ነጭ

156ቱንም መጨረስህ ምስጋና ይገባዋል። እኔ የምተዳደረው በፎቶግራፍ ሥራ ስለሆነ ዓይኔ ወደ ብርሃኑ ያደላል። የእኔ ምርጫ በኖቬምበር 1960 የታየው፣ ፊቷ በፋሻ የተጠቀለለው ሴት ታሪክ ነው።

ጃኔት ታይለር ትባላለች። ሆስፒታል ተኝታለች። ፊቷ ሌላውን ሰው እንዲመስል አሥራ አንድ ጊዜ ታክማለች፤ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካልተሳካ አስቀያሚዎች ለብቻቸው ወደሚኖሩበት መንደር ትላካለች። ፋሻው ሲፈታ ውብ ሴት ሆና እናገኛታለን፤ ከንፈራቸው የተጣመመው፣ አፍንጫቸው የአሳማ የሚመስለው ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ስታየው ይህ መጨረሻ ያስደነግጥሃል። ሁለተኛ ስታየው ግን ሥራውን ታያለህ። አዘጋጁ ዳግላስ ሄይስና የካሜራ ባለሙያው ጆርጅ ክሌመንስ የክፍሉን አብዛኛውን ጊዜ አንድም ሙሉ ፊት ሳያሳዩ ነው የሚሄዱት። ሐኪሙ ሊዞር ሲል ጥላ ይቀድመዋል። ነርሷ ስትገባ ካሜራው እጇን ተከትሎ ይሄዳል። ሲጋራ ሲለኮስ እሳቱን እንጂ ፊቱን አታይም። ይህ ሁሉ እየተደረገ አንድ ነገር የተደበቀብህ አይመስልህም፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ በሌሊት ከበሽተኛ ጋር እንደተቀመጥክ ብቻ ነው የሚሰማህ። ክሌመንስ በ1961 ለዚህ ተከታታይ በሠራው የካሜራ ሥራ ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አግኝቷል፤ ሲያንሰው ነው።

ፊት ስለሌለ የሚቀርህ ድምፅ ነው። ከፋሻው ሥር ያለችው ማክሲን ስቱዋርት ናት፤ ፋሻው ሲወርድ የምናያት ዶና ዳግላስ ናት። አንዲትን ሴት ሁለት ተዋንያት ተካፈሏት። ስቱዋርት ፊቷን አንዴም ሳታሳይ በድምፅዋ ብቻ ታስለቅሳለች። ደግሜ ሳየው ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ሐኪሙ ነው። ከልቡ ያዝንላታል። ሰው ለምን አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበት ለነርሷ በሹክሹክታ ይጠይቃታል፤ እርሷም እንዲህ ያለ ንግግር እንደሚያስጠይቀው ታስጠነቅቀዋለች። መጀመሪያ ሳየው ይህን ጭውውት ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ ፊቱን ለማየት ስቸኩል ሰውየው አመለጠኝ።

ቀጥተኛው

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ነገር ግን አልስማማም። እኔም በዓመት መለወጫ ሌሊት አንድ የአሜሪካ ጣቢያ ክፍሎቹን በተከታታይ ሲያሳይ በየዓመቱ እመለከታለሁ፤ ስለዚህ በጥላቻ የምናገር አይምሰላችሁ።

የሰርሊንግ ችግር ስብከቱ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰው አይነጋገሩም፤ ንግግር ያደርጋሉ። አንዱ ሦስት ዓረፍተ ነገር በተናገረ ቁጥር ሌላው ሦስት ይመልሳል። በጃንዋሪ 1963 አራተኛው ምዕራፍ ወደ አንድ ሰዓት ሲረዝም ችግሩ ይብስ ተጋለጠ። ዴኒስ ሆፐር የአሜሪካ ናዚ ሆኖ የተጫወተበትን ክፍል ተመልከቱ፤ ሰዓቱን ሙሉ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ይነግሩታል። በዚያ ምዕራፍ ከወጡት 18 ክፍሎች ውስጥ በግማሽ ሰዓት ቢያልቅ ኖሮ የሚሻሻለው ይበዛል። ጣቢያውም ገብቶት በአምስተኛው ምዕራፍ ወደ ግማሽ ሰዓት መልሶታል።

አሁን ከዚህ ጋር ሪቻርድ ማቲሰን የጻፈውን የወራሪዎቹን ታሪክ አነጻጽሩ፤ ጃንዋሪ 1961 የታየ ነው። አግነስ ሙርሄድ በገጠር ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ጣሪያዋ ላይ እንደ ጣት ያነሱ ፍጡራን ያሉበት የጠፈር መንኮራኩር ያርፋል። ክፍሉን ሙሉ ትሮጣለች፣ ትቃትታለች፣ በመጥረቢያ ትማታለች እንጂ አንድም ቃል አይወጣትም። መጨረሻ ላይ ግዙፏ እርሷ ሆና፣ ትናንሾቹ ደግሞ የአሜሪካ ጠፈርተኞች ሆነው ይገኛሉ። ማቲሰን ተመልካቹን አምኗል። ሌላው የተከታታዩ ጸሐፊ ቻርልስ ቦሞንትም እንዲሁ። ሰርሊንግ ግን ምስሉ የተናገረውን በአፉ ካልደገመው እንቅልፍ አይወስደውም።

አሮጌው ሬዲዮ

ልጄ ቀጥተኛው፣ ያልከው ውሸት አይደለም። ስብከት አለበት። ነገር ግን ሰውየው ለምን እንዲህ አፉ እንደሞላ ማወቅ ይገባል። ዕድሜዬ ስለገፋ ነገሩን ከሥሩ ብጀምረው ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

ሰርሊንግ የተወለደው በ1924 ነው፤ ያደገው በኒውዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ከተማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓራሹት የሚወርድ ወታደር ሆኖ ፊሊፒንስ ዘምቷል፤ ቆስሏልም። ከጦርነቱ ሲመለስ ለሬዲዮ፣ ቀጥሎም ለቴሌቪዥን መጻፍ ጀመረ። በ1955ና በ1956 በጻፋቸው ሁለት ድራማዎች ስሙ አገሩን ሞላ። ታዋቂ ሆነ ማለት ግን የፈለገውን ጻፈ ማለት አልነበረም።

በኦገስት 1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ሚሲሲፒ ውስጥ ተገደለ። የገደሉት ሰዎች ነጮች ብቻ በተቀመጡበት የዳኝነት ሸንጎ ፊት ቀርበው በነጻ ተለቀቁ። ሰርሊንግ ይህን ሊጽፍ ተነሣ። በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ የሚቆመው በስፖንሰር ገንዘብ ነበርና ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደቡብነቱ ተፋቀ፤ ታሪኩ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተዛወረ፤ የተገደለው ልጅም ማን እንደሆነ የማይታወቅ ባዕድ ሆነ። ሰርሊንግ ተስፋ አልቆረጠም። በ1958 ሌላ ጽሑፍ ይዞ ተመለሰ። ይኸኛውም ወደ ኋላ ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ተወስዶ፣ ሟቹ ሜክሲኳዊ ሆኖ ተላለፈ። ጊዜው እንዲህ ነበር። በ1959 ናዚዎች ስለተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት የተሠራ ድራማ በቀጥታ ሲተላለፍ ስፖንሰሩ የጋዝ ድርጅቶች ማኅበር ስለነበረ፣ አይሁድ ስለታፈኑባቸው ክፍሎች ሲነገር «ጋዝ» የሚለው ቃል ድምፁ እንዲጠፋ ተደርጓል።

ስለዚህ ሰውየው ወደ ተረት ሸሸ። በሌላ ፕላኔት ያለ ሰው፣ በማይታወቅ ዘመን ያለ ከተማ የማንንም ሳሙናና ሲጋራ ገበያ አይጎዳም። እኛም አንበሳና ቀበሮ እያልን ስንት ነገር ለጌቶች ተናግረናል። ሦስት ዓመት አፉን ተይዞ የቆየ ሰው በመጨረሻ አፉ ሲፈታ ቢያስረዝም አልፈርድበትም።

በሜፕል ጎዳና የሆነውን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ በማርች 1960 የታየው ማለቴ ነው። ሰላማዊ ሰፈር ነው። መብራት ይጠፋል፣ መኪና አልነሣ ይላል፣ አንድ ልጅ በመጽሐፍ ያነበበውን ይናገራል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ጨለማ ውስጥ ሲመጣ ያዩትን ሰው ተኩሰው ይገድላሉ፤ የራሳቸው ጎረቤት ነው። ከኮረብታው ላይ እውነተኞቹ እንግዶች ቆመው ይመለከታሉ፤ መብራት ከማጥፋት በቀር ያደረጉት ነገር የለም። እኔ ከየት እንደመጣሁ፣ ቀበሌ ቀበሌውን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን ምን እንዳየሁ ብዙዎቻችሁ ትገምታላችሁ። ይህ ለእኔ ስብከት አይደለም።

የሌሊት ተረኛ

ጋሼ፣ ስለ ነገሩን አመሰግናለሁ። የሜፕል ጎዳናውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እርስዎ ከጻፉት በኋላ ደግሞ ዛሬ ሌሊት አራተኛ አየሁት። አንድ ነገር አስተዋልኩ። ተኩሱን የሚተኩሰው ቻርሊ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ሰው ነው። የሚጮኸው ስለሚፈራ ነው። ሌላውን ጥፋተኛ ካላደረገ ተራው የእርሱ እንደሚሆን ያውቃል፤ በእርግጥም ወዲያው ይሆናል፤ ድንጋይ ይወረወርበታል። መጀመሪያ ሳየው እርሱን እንደ ክፉ ሰው ቆጥሬው ነበር።

ንባብ ወዳድ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። እኔ የማነሣው የቋንቋ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እናንተ «መጨረሻ» የምትሉት በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በማርች 1962 የታየ፣ ከዴመን ናይት አጭር ልብ ወለድ የተወሰደ ታሪክ ነው። ካናሚት የተባሉ ግዙፍ ፍጡራን ከሌላ ዓለም መጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት ይቀርባሉ። በረሃውን ያለመልማሉ፣ ረኀብን ያጠፋሉ፣ ጦርነትን ያስቀራሉ። አንድ መጽሐፍ ትተው ይሄዳሉ። የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎቹ መጀመሪያ የርእሱን ትርጉም ያገኛሉ፤ ርእሱም ሰውን ስለ ማገልገል ይናገራል። ሁሉም ደስ ይለዋል፤ ሰዎች ተሰልፈው ወደ ካናሚቶቹ ዓለም ይጓዛሉ። ዋናው ሰውም በመንኮራኩሩ ደረጃ ላይ እያለ ረዳቱ እየሮጠች መጥታ መጽሐፉ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሆኑን ትጮኽለታለች። የእንግሊዝኛው ቃል ማገልገልም ነው፣ ገበታ ላይ ማቅረብም ነው።

ይህን ክፍል ለእኅቴ ስተርክላት በአማርኛ እንዴት እንደማስቀምጠው ለብዙ ጊዜ ተቸግሬአለሁ። «ሰውን ማገልገል» ካልኩ ወጥመዱ ይጠፋል። «ማስተናገድ» ቀረብ ይላል እንጂ ሰውየውን ድስት ውስጥ አያስገባውም። አንድ ቀን ቡና እያፈላሁ ሳለ መጣልኝ፦ «ሰውን ማቅረብ»። እገሌ ሰው ያቀርባል ስንል ይወዳጃል፣ አያርቅም ማለታችን ነው። ምሳ ቀረበ ስንል ደግሞ ገበታ ላይ ዋለ ማለታችን ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ፍቺ፤ የቅኔ መምህራን ኅብረ ቃል የሚሉት ይኸው ነው። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ያስደነግጣል እላለሁ። ማገልገል የሎሌና የጌታ ነገር ነው፤ ማቅረብ ግን የፍቅር ቃል ነው።

የሌሊት ተረኛ የጠየቀው ጥያቄም እዚህ ላይ ይመለስልኛል። ቅኔ የሰማ ሰው ወርቁን ካገኘ በኋላ ሰሙን አይጥለውም፤ ተመልሶ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ነው የሚጣፍጠው። ካናሚቱ በጉባኤው ፊት ቆሞ ሲናገር እንደገና አድምጡት። የሚሰጣቸው ተስፋ ሁሉ እውነት ነው። ረኀቡን በእርግጥ ያጠፋዋል። እረኛም መንጋውን ያጠግባል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ቡርጀስ ሜሬዲት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኖ የተጫወተበትን የጁን 1961ን ክፍል እንዳትዘነጉ። ያው ተዋናይ ነው፤ በቤሚስ ታሪክ ውስጥ መጻሕፍቱን አጣ፣ በዚህኛው ግን ስለ መጻሕፍት ይሞታል። መንግሥት «አትጠቅምም» ብሎ ሞት ፈርዶበት ሳለ፣ የፈረደበትን ባለሥልጣን ክፍሉ ውስጥ ቆልፎበት ቦምቡ እስኪፈነዳ ድረስ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። ባለሥልጣኑ በመጨረሻ በእግዚአብሔር ስም ልውጣ ብሎ ሲለምነው በሩን ይከፍትለታል። ያ በር መከፈቱን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል።

ቀጥተኛው

እኅቴ ንባብ ወዳድ፣ «ሰውን ማቅረብ» ያልሽው ከዚህ በኋላ ለእኔ የክፍሉ ስም ሆኗል። ጋሼም ስለ ኤሜት ቲል የነገሩን ቦታውን አግኝቷል፤ ሰርሊንግ ስለ ዘር ነገር መናገር እንደሚፈልግ አውቅ ነበር፣ ሁለት ጊዜ እንደተነጠቀ ግን አላሰብኩም። በኤፕሪል 1960 የታየው የቦክሰኛው ታሪክም አሁን በሌላ መልክ ታየኝ። ዋነኞቹ ተዋንያን በሙሉ ጥቁሮች ናቸው፤ አይቫን ዲክሰን ያረጀ ቦክሰኛ ነው፣ አንድ ትንሽ ልጅ በምኞቱ ሊያሸንፍለት ይሞክራል። ታሪኩ ስለ ቆዳቸው አንድ ቃል አያነሣም። በዚያ ዓመት ይህን ማድረግ ቀላል አልነበረም።

እንግዲያው ስናመሰግን የከሸፈውንም እንናገር። በሜይ 1964 የታየው፣ ጆርጅ ታኬይ የተጫወተበት ክፍል በአሜሪካ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት በድጋሚ ሳይታይ ቆይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ አንድ የቀድሞ ወታደርና አንድ ወጣት ጃፓናዊ አሜሪካዊ በቤት ጣሪያ ሥር ባለ ዕቃ ማስቀመጫ ተዘግቶባቸው ይጋጫሉ። ታሪኩ ውስጥ የወጣቱ አባት ጃፓን የአሜሪካን ፐርል ሐርበር ባጠቃች ጊዜ ለጠላት ምልክት የሰጠ ከዳተኛ ይደረጋል። በእውነቱ ጃፓናውያን አሜሪካውያን በዚያ ጥቃት ጊዜ እንዲህ ያለ ክሕደት ለመፈጸማቸው ማስረጃ አልተገኘም። ታኬይ ራሱ ገና ሕፃን ሳለ ከቤተሰቡ ጋር በአርካንሶ የማጎሪያ ሠፈር ታስሮ ያደገ ሰው ነው። ያንን ቃል በአፉ መናገር ነበረበት። ጎረቤትን በከንቱ ስለ መጠርጠር ያን የመሰለ ክፍል የሠራ ተከታታይ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ራሱ በከንቱ ጠረጠረ። ይህን ማለፍ አይቻለኝም።

አሮጌው ሬዲዮ

ልክ ነህ። አይታለፍም።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። ልጆቼ አሥራ ሁለትና አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጥቁርና ነጭ የሆነ ነገር ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በየትኛው ልጀምርላቸው? በጣም የሚያስፈራ እንዳይሆን፣ እንዲያውም ትንሽ ቢያስፈራ አይከፋም።

ጥቁርና ነጭ

በአውሮፕላኑ ጀምሪላቸው፤ የኦክቶበር 1963 ነው፣ ማቲሰን የጻፈው። ዊልያም ሻትነር ከአእምሮ ሕመም ገና የዳነ መንገደኛ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ክንፉ ላይ የሚራመድ ፍጡር ያያል፤ ሌላ ሰው ሲመለከት ግን የለም። የፍጡሩ ልብስ ዛሬ ለልጆች የበግ ለምድ ሊመስላቸው ይችላል። ሻትነር መጋረጃውን ከመክፈቱ በፊት ያለውን ጊዜ ግን ይያዙት። እጁ ወደ መጋረጃው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ልጆችሽ ትንፋሻቸውን ካልዋጡ ሌላ አትሞክሪ። ቀጥሎ ቀጥተኛው ያነሣውን ወራሪዎቹን አሳያቸው፤ ንግግር ስለሌለው ቋንቋ አያስቸግራቸውም። ሐሳቡ ብቻውን ሰውን ወደ በቆሎ ማሳ የሚልከውን የስድስት ዓመት ልጅ ታሪክ ግን ለጊዜው አቆዪላቸው፤ አዋቂዎቹ እየሳቁ «ጥሩ አደረግህ» ሲሉት ማየት ለልጅ ይከብዳል። ለእኔም ይከብደኛል።

አሮጌው ሬዲዮ

ልጄ የሌሊት ተረኛ፣ ለጠየቅኸው ጥያቄ እስካሁን አልመለስኩም። ሌላ ነገር አወራሁ እንጂ።

የእኔ በኦክቶበር 1959 የታየው፣ የማርቲን ስሎን ታሪክ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በኒውዮርክ ከፍ ያለ ሥራ አለው፤ ደክሞታል። መኪናውን ጋራዥ ትቶ ወዳደገበት ከተማ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲደርስ ከተማው እንደ ልጅነቱ ሆኖ ይጠብቀዋል። የአይስክሬሙ ዋጋ እንኳን አልጨመረም። እናቱና አባቱ በሕይወት አሉ። በራቸውን ሲያንኳኳ አያውቁትም። ራሱንም ልጅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህ ጊዜ ድንቅ እንደሆነ ሊነግረው ሲያባርረው ልጁ ከሚሽከረከረው የፈረስ መጫወቻ ወድቆ እግሩ ይሰበራል። በዚያው ቅጽበት ትልቁም ሰው እግሩን ይይዛል። ያ መጫወቻና የሙዚቀኞቹ መድረክ ሰርሊንግ ባደገበት በቢንግሃምተን መናፈሻ ካሉት የተወሰዱ ናቸው። ሙዚቃው የበርናርድ ኸርማን ነው፤ ብዙ ጊዜ በዝግታ በባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ይሄዳል።

በወጣትነቴ ሳየው ያስለቀሰኝ ማርቲን ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቼ፣ የተወለድኩበትን ግቢ በር አንኳኩቼ፣ የማላውቃት ልጅ «ማንን ፈልገው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተመልሼ ክፍሉን ስከፍት ያየሁት አባቱን ነው። አባትየው መጀመሪያ ያባርረዋል። በኋላ የወደቀውን የኪስ ቦርሳ ከፍቶ፣ ገና ባልደረሰ ዓመት የታተመ ገንዘብ አይቶ፣ ይህ ሰው በእርግጥ ልጁ እንደሆነ ያውቃል። ያምነዋል። እንደ አባትም ያነጋግረዋል፤ ነገር ግን እዚህ ቦታ እንደሌለህ ይነግረዋል፤ ይህ በጋ የትንሹ ልጅ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው አንድ በጋ ብቻ ነው ይለዋል። ልጅህ ከሩቅ ናፍቆህ መጥቶ ሳለ፣ አውቀኸው ሳለ፣ ሂድ ማለት! እኔም ወንዶች ልጆች አሉኝ። ያንን ቃል መናገር እንዴት እንደቻለ አሁንም አስባለሁ።

ማርቲን ሲመለስ ያነክሳል። አነካከሱ ግን ገና በመጣበት ጊዜ አልነበረም። ይህን ያስተዋልኩት ሁለተኛ ሳየው ነው።

ንባብ ወዳድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ አየዋለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ጋሼ የጻፉትን ካነበብኩ ሁለት ቀን ሆነኝ። መልስ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ እየተያዘ ተውኩት። በመካከሉ የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሑድ ዕረፍቴ ስለነበረ ከእርሷ ጋር አንድ ክፍል ላይ ብዬ በጃንዋሪ 1962 የታየውን መረጥኩ፤ ጆርጅ ክሌይተን ጆንሰን የጻፈውን። አንዲት አሮጊት በሚፈርስ ሕንፃ ምድር ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ሞት በሰው መልክ እንደሚመጣ ስለምታምን ለማንም በሯን አትከፍትም። ገና ወጣት የነበረው ሮበርት ሬድፎርድ የቆሰለ ፖሊስ ሆኖ ደጇ ላይ ወድቆ እርዳታ ይለምናታል። እየፈራች ትከፍትለታለች። እኔ እያንዳንዱን ንግግር እየተረጎምኩ፣ መጨረሻውን ግን ደብቄ ያዝኩት። ደነገጥሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት አስቤ ነበር።

ገና ልጁን አስተኝታ ሻይ ስታጠጣው እናቴ፣ «እርሱ ነው» አለች።

«ማነው?» አልኳት።

«የፈራችው ነዋ። እንዲህ ያለ መልከ መልካም ልጅ፣ ያውም እዚያ ሰው በሌለበት!»

አልመለስኩላትም። ቤቱን ሊያፈርስ የመጣው ሠራተኛ በሩን ሰብሮ ሲገባና ወጣቱን ማየት ሲሳነው እናቴ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተገረመችም። ከዚያ ወጣቱ እጁን ዘርግቶ አሮጊቷን «እናቴ» ብሎ ጠራትና እጅሽን ስጪኝ አላት። የተናገረውን እንዳለ ተረጎምኩላት፤ በእንግሊዝኛውም ቃሉ ያው እናት ነው፤ የጨመርኩት የለም። እናቴ ያን ጊዜ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«እናቴ አላት?»

«አዎ።»

«እንደ እርሱ ከጠራትማ ክፉ አይደለም» አለች። ቀጥላም፣ «ያች ሴት የፈራችው ሞትን ብቻ አይደለም፤ ስንት ዘመን ማንም እናቴ ብሎ አልጠራትም» አለችኝ።

ክፍሉን አምስት ጊዜ ሳየው ይህ ነገር አንድም ጊዜ አልታየኝም ነበር።

ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ተነሣሁ። ቁጭ በል አለችኝና፣ ሌላ ካለ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን የማርቲን ስሎንን ከፈትኩላት። አባትየው ቦርሳውን ሲከፍት ድምፁን ቀንሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መተርጎም አላስፈለገኝም።